ሁለት ባላ መትከል ብቻውን አይበቃም

አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል» ሲሉ መክረውናል። የዛሬው ተማሪ ምክሩን በሚገባ ተቀብሎታል። በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ መንገድ ላይ ብትጠይቁ፣ በአንድ ስልክ ውስጥ ሁለት ሲም ካርድ፣ አንዱን የኢትዮ ቴሌኮም ሌላውን የሳፋሪኮም አድርጎ የሚይዝ ተማሪ ማግኘት ብርቅ አይደለም። አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ይዞራል፤ የአንዱ ጥቅል ሲያልቅበት የሌላውን ይገዛል። በየኪሳችን ብልሆች ሆነናል ማለት ነው።

ነገር ግን በኪስ ብልህ መሆንና በጋራ ቤት ብልህ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት ስለ ጋራው ቤት ነው፤ ይኸውም በአንድ ማሽን ላይ የሁለት ድርጅት የኢንተርኔት መስመር ስላስገባ ተቋምና በዚያ ማሽን ሥር ስለሚኖሩት ብዙ ተጠቃሚዎች። የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ በሽቦና በሳጥን ጉዳይ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ነገሩ በሽቦ ይጀምርና በፍርድ ያልቃል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ አንድ ሌሊት ነው። ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ በአንድ ተቋም የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሳለን፣ አብራኝ የምትማር አንዲት እኅታችን የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ትሞላ ነበር። ማመልከቻው የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ጽሑፏን አዘጋጅታለች፤ ማስረጃዎቿን ስካን አስደርጋለች፤ የቀራት ፋይሉን መላክ ብቻ ነበር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ግን መስመሩ ተጨናነቀ። በዚያው መስመር ላይ ከነበረው ሰው አንዳንዱ ፊልም ያያል፣ አንዳንዱ ኳስ ይከታተላል፣ አንዳንዱም ስልኩ ራሱ በራሱ ሲያድስ ሳያውቅ ተኝቷል። የእሷ ፋይል ግማሽ ይደርስና ይቆማል፤ እንደገና ትጀምራለች፤ እንደገና ይቆማል። እንዲህ እያለ እኩለ ሌሊት አለፈ።

እኔን የከነከነኝ ከዚህ በኋላ ያየሁት ነገር ነው። በግድግዳው ላይ ሁለት ሳጥኖች ተሰቅለው ነበር፤ የሁለቱም መብራት አረንጓዴ ነው። ተቆጣጣሪውን፣ «ይኸ ሁለተኛው ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣

«እሱማ የሌላው ድርጅት መስመር ነው። ደኅና ነው፤ ግን ማንም አይሄድበትም» አለኝ።

«ለምን?»

«እኔ እንጃ፤ የመጀመሪያው ሲጠፋ እንዲሠራ ተብሎ ነው የገባው።»

በየወሩ የሚከፈልበት መስመር ባዶውን ሲያድር፣ ከጎኑ ያለው በሰው ብዛት ታንቆ ነበር። ባላው ሁለት ነው፤ ሰው ሁሉ የተንጠለጠለው ግን ባንዱ ነው።

ተቆጣጣሪውን ለመውቀስ አልቸኩልም። ለኛ ይህ ሁሉ አዲስ ነገር ነው። በርግጥ በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሁለት የሽቦ መስመሮች ይወጡ ነበር፤ አንዱ በምሥራቅ ወደ ሐረር፣ ሁለተኛው ኢጣሊያኖች የሠሩት በሰሜን ወደ አሥመራ። የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ በ1945 ዓ.ም. በአንድ ቦርድ ሥር ከተጠቃለለ ወዲህ ግን፣ ስሙ እየተለዋወጠ እስከ ኢትዮ ቴሌኮም ድረስ፣ በሩ አንድ ብቻ ሆኖ ኖረ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ሁለተኛ በር እንዲከፈት ፈቀደ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። እንግዲህ በአንድ ቤት የሁለት ድርጅት መስመር ማስገባት የጥቂት ዓመታት ልማድ ነው። እንጨቱን አገኘን፤ እንዴት እንደሚተከል ግን ገና አልተማርንም።

ሳምንቱ ሳያልቅ፣ ኮምቦልቻ ምሕንድስና ከሚማር ወዳጄ ጋር በሚኒባስ ከደሴ ስንወርድ ነገሩን አነሣሁበት። የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንገባ በመስኮት እያሳየ እንዲህ ሲል አስረዳኝ።

«እዚህ መገንጠያ ላይ አንድ ዘበኛ ቆሟል እንበል። መኪና በመጣ ቁጥር የሚጠይቀው ‹ወዴት ትሄዳለህ?› ብሎ ብቻ ነው። ሚሌ ያለውን በባቲ ይልከዋል፤ ወልድያ ያለውን በሐረጎ ወደ ደሴ ያወጣዋል፤ ሌላውን፣ እሱ የማያውቀውን አገር የሚጠራውን ሁሉ፣ ‹በከሚሴ አድርገህ ወደ አዲስ አበባ ሂድ› ይለዋል። ራውተርም እንዲሁ ነው። በእጁ አንድ ሰንጠረዥ አለ። የእያንዳንዱን ፓኬት የመድረሻ አድራሻ ያያል፤ በሰንጠረዡ ላይ ካገኘው በተጻፈለት በኩል ይሰደዋል፤ ካላገኘው ‹ለቀረው ሁሉ› ተብሎ በተጻፈው በአንዱ በር ያስወጣዋል። የዓለም ኢንተርኔት በሙሉ ደግሞ ለእሱ ‹የቀረው ሁሉ› ነው። ስለዚህ ሁለተኛ በር ብትከፍትለትም አይጠቀምበትም።»

«ታዲያ በሁለተኛው በር ከውጭ የሚመጣ ሰው ቢኖርስ?» አልሁት።

«እሱማ የባሰ ነው። ጥያቄው በሁለተኛው በር ይገባል፤ መልሱ ግን ዘበኛው እንደለመደው በመጀመሪያው በር ይወጣል። የመጀመሪያው ድርጅት የራሱ ያልሆነ የላኪ አድራሻ የያዘ ፓኬት ሲያይ ‹ይህ የኔ ደንበኛ አይደለም› ብሎ ሊጥለው ይችላል። ውጭ ያለው ሰው መልስ ሲያጣ መስመሩ የሞተ ይመስለዋል። መስመሩ ግን አልሞተም፤ የሞተው ዘበኛው የተሰጠው ትእዛዝ ነው።»

መድኃኒቱም እንደ በሽታው ቀላል ሆኖ አገኘሁት። ለዘበኛው በአንድ ሰንጠረዥ ፋንታ ሁለት መስጠትና፣ «ወዴት ትሄዳለህ?» ከማለቱ በፊት «ከየት መጣህ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማዘዝ ነው። የንባብ ክፍሉ ኮምፒዩተሮች የራሳቸው የአድራሻ ክልል ይሰጣቸዋል፤ የመኝታ ቤቱ ዋይፋይ የራሱ፤ የአስተዳደር ቢሮዎችም የራሳቸው። ከዚያ በኋላ «ከዚህ ክልል የመጣ በአንደኛው ሰንጠረዥ ይታይ፤ ከዚያኛው የመጣ በሁለተኛው» ተብሎ ይጻፋል። አንደኛው ሰንጠረዥ «ለቀረው ሁሉ» ሲል የኢትዮ ቴሌኮምን በር ያሳያል፤ ሁለተኛው የሳፋሪኮምን። በዚህ ዓይነት በአንድ ማሽን ውስጥ ሁለት መንገድ ሳይደባለቅ ይሄዳል። ይህን ለማድረግ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ሊኑክስ ይህን ችሎታ የያዘው በጥር 1991 ዓ.ም. ከወጣው 2.2 ከተባለው እትሙ ጀምሮ ነው፤ በዚያን ጊዜ አብዛኞቻችን አልተወለድንም። ሦስት የኔትወርክ ካርድ ያለው አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። ሰው ደግሞ በሐረጎ ማዶ ሞልቷል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የምሕንድስና ተማሪዎች ድርሻ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የሁላችንም ነው፤ ማን በየትኛው በር ይውጣ የሚለውን ማሽኑ አያውቅምና።

ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ መስመር በሴኮንድ 20 ሜጋቢት ይሸከማል እንበል። ጥራት ያለው ፊልም በኢንተርኔት የሚያይ አንድ ሰው በሴኮንድ እስከ 5 ሜጋቢት ይወስዳል። እንግዲህ አራት ተመልካቾች መስመሩን ሞሉት ማለት ነው። አምስተኛዋ ሰው ማመልከቻ የምትልከዋ ብትሆን፣ የሚደርሳት ፍርፋሪ ነው። እሷ የምትልከው ከፊልሙ ጋር ሲተያይ እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው፤ የተለየ በር ቢኖራት ኖሮ በጥቂት ደቂቃ ተገላግላ ትተኛ ነበር። አራቱም ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ አንዳቸውም እሷ ከጎናቸው መኖሯን አላወቁም። ሕግ በሌለበት ቤት ደግ ሰው ሳያውቅ ይበድላል።

አንዳንድ ወንድሞች፣ «እንግዲያው ፊልሙ ይከልከል» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር ተማሪ ማታ ኳስ ቢያይ ወይም ዘፈን ቢሰማ ኃጢአት የለበትም። ከዚህም በላይ፣ መከልከል የሚባለው ነገር የራሱ መዘዝ አለው። ፊልሙን ከትምህርቱ ለመለየት እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያነብ መመርመር ያስፈልጋል። «ከየት መጣህ?» የሚለው ሕግ ግን የሚያየው የፖስታውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ደብዳቤውን አይከፍትም። ከንባብ ክፍል የተነሣ ሁሉ፣ የሚያነበው ምንም ይሁን ምን፣ በንባብ ክፍሉ በር ይሄዳል። ከመኝታ ቤት የተነሣም በመኝታ ቤቱ በር። እኔ በበኩሌ ቦታዬን የሚጠይቀኝን ዘበኛ እቀበለዋለሁ፤ ደብዳቤዬን የሚከፍተውን ግን አልቀበልም። ይህን ልዩነት ዛሬ ካላስተዋልነው፣ ነገ ለመስመሩ ጥራት ሲባል ነው እየተባለ የማንፈልገው ነገር ሊመጣብን ይችላል።

አሁን ወደ ባላው እንመለስ። አንዱ ሲሰበርስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሁለት ነገር አለ።

የመጀመሪያው፣ መሰበሩ አለመታወቁ ነው። ማሽኑ ገመዱ እንደ ተሰካ እስካየ ድረስ መስመሩ ያለ ይመስለዋል። መንገዱ ከሳጥኑ በስተጀርባ፣ ከከተማው ውጭ ተቋርጦ ቢሆንም፣ ፓኬቱን ወደ ገደሉ መላኩን አያቆምም። ስለዚህ በየጥቂት ሴኮንዱ ሩቅ ወዳለ አድራሻ በየበሩ እየላከ መልስ እንዲጠብቅ፣ መልስ ሲያጣም ብቻ በሩን ዘግቶ ሰውን ወደ ሌላው እንዲያዞር መታዘዝ አለበት።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። አንዱ ባላ ተሰብሮ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ በቀረው ቢንጠለጠል፣ የቀረውም ይሰበራል። ምሳሌው የተነገረው ለአንድ ሰው ነው፤ እኛ ግን ብዙ ነን። የመኝታ ቤቱ መስመር ሲጠፋ የመኝታ ቤቱ ሰው በሙሉ ወደ ንባብ ክፍሉ መስመር ቢፈስ፣ ያች እኅታችን እንደገና መሥዋዕት ትሆናለች። ስለዚህ ሕጉ በጥሩ ጊዜ ማን በየት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን፣ በክፉ ጊዜ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝና የሌላው ድርሻ ስንት እንደሚሆን አስቀድሞ መጻፍ አለበት። በክፉ ጊዜ የሚጻፍ ሕግ ጉልበተኛው የሚጽፈው ሕግ ነው።

ከዚህም ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ሁለቱ ባላዎች የተተከሉት በሁለት ጉድጓድ ነው ወይስ በአንድ? ሁለቱ ሳጥኖች ከአንድ ሶኬት መብራት የሚወስዱ ከሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ባትሪ የሌለው ሁለተኛ መስመር ለጨለማ አይረዳም። ሁለቱ ድርጅቶች ደግሞ መሠረተ ልማት ለመጋራት ተዋውለዋል፤ ይህ ለአገር ወጪ ቁጠባ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ደረሰኝ የሚከፍል ሰው ሁለቱ መስመሮች በከፊል በአንድ መንገድ ላይ የሚጓዙ መሆን አለመሆናቸውን መጠየቅ ይገባዋል። ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ወለል ላይ ሦስት ኬብሎች ተበላሽተው በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚደረገው ግንኙነት ተስተጓጉሎ ነበር፤ የኬብሎቹ ስምና ባለቤት የተለያየ ሲሆን፣ ባሕሩ ግን አንድ ነበር።

እኛም በዚህ አገር ከኬብል መበጠስ የከበደ ነገር አይተናል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ፣ ዘመድ የዘመዱን መኖርና አለመኖር ሳያውቅ ሰንብቷል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለተኛው ድርጅት ሥራ ከጀመረ ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ በኪስ ሁለት ሲም መያዝ ምንም አልፈየደም። ሁለቱ ባላዎች በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ነበሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወዳጄ ከነገረኝ ውስጥ አንዱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሰዎች ሁለተኛ ሰንጠረዥ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚረሱት፣ የቤቱን ኔትወርኮች በአዲሱ ሰንጠረዥ ላይ ማስመዝገብ ነው። ይህ ከተረሳ፣ ከንባብ ክፍል ወደ ጎረቤቱ የቤተ መጻሕፍት ማሽን የሚሄድ ፓኬት «ለቀረው ሁሉ» ተብሎ ወደ ውጭ ይላክና ጠፍቶ ይቀራል፤ ከጎረቤት እሳት ለመጫር አዲስ አበባ እንደ መሄድ ያለ ነው። ስለዚህ የሰንጠረዡ የመጀመሪያ መስመር «የቤቱ በቤቱ ይቅር» መሆን አለበት። እኔ ይህን ቃል ሰፋ አድርጌ እወስደዋለሁ። የመምህራን ማስታወሻ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ኪዊክስ በሚባለው ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት የሚነበበው ዊኪፔዲያ፣ እነዚህ ሁሉ በቤታችን ማሽን ላይ ቢቀመጡ፣ ሁለቱም በሮች በተዘጉበት ቀን እንኳ ንባባችን አይቋረጥም። ሦስተኛው ባላ ይኸ ነው፤ ወርኃዊ ክፍያ የለበትም፤ ጉድጓዱም በግቢያችን ውስጥ ነው።

«ይህ ሁሉ የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ማኅበሩን ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ማሽኑን የሚያስተካክለው ባለሙያ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ባለሙያው ብቻውን ሲወስን፣ የሚወስነው በቀረበበት ጩኸት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጮኸው ደግሞ ቢሮው ነው፤ ከዚያም ብዙ ሰው ያለበት ክፍል። እኩለ ሌሊት ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ተማሪ ድምፅ የላትም። ማኅበር የተቋቋመውስ ለእንደዚህ ያለው ሰው አይደለምን?

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሁለት መስመር ባለበት ሁሉ የትኛው ክፍል በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ አንዱ ሲጠፋም ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ሕጉ ሰው ከየት እንደ ተነሣ እንጂ ምን እንደሚያነብ የማይመረምር እንዲሆን ይሟገት። ሦስተኛ፣ በደሴ ያለን የቋንቋ፣ የታሪክና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ጽሑፎቹን ሰብስበን እንድናዘጋጅ፣ በኮምቦልቻ ያሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ማሽኑን እንዲያቆሙ ያስተባብረን። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ለወሬና ለሠርግ የምንመላለስበትን ለሥራ ብንመላለስበት ምን ይጎድልብናል?

ከዚህ የተሻለ አሳብ ያለው ቢኖር በሚቀጥለው እትም ጽፎ ያርመኝ፤ ደስ እያለኝ አነበዋለሁ።

ያች እኅታችን ዘንድሮ እንደገና ልታመልክት እየተዘጋጀች ነው። ጽሑፏን አሻሽላዋለች፤ እኔም አንብቤዋለሁ፤ መልካም ነው። የማመልከቻው መዝጊያ ቀን ሲደርስ በዚያው ክፍል፣ በእነዚያው ሁለት አረንጓዴ መብራቶች ሥር ትቀመጣለች። በየትኛው በር እንደምትወጣ ግን እስከ ዛሬ የጻፈላት የለም።